ሁለት ሳምንት በጎጆ ውስጥ፦ ሙቀት የወፍ ጫጩትን እድገት እንዴት ይቀይራል?

ግሬት ቲት የሚባል ወፍ አለ። አውሮፓ ውስጥ በየጓሮው የሚታይ፣ ደረቱ ቢጫ የሆነ፣ ከድንቢጥ አነስ የሚል ወፍ ነው። ጫጩቱ ከእንቁላል ሲወጣ ክብደቱ ከ1 ግራም ትንሽ ቢበልጥ ነው። ራቁቱን ነው፣ ዓይኑም አልተከፈተም። ሁለት ሳምንት ሲሆነው ግን ወደ 18 ግራም ይጠጋል። ወላጆቹን አከለ ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ደግሞ ጎጆውን ጥሎ ይበራል።

ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ወፎች ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ስደታቸው ነው። ካልሆነም ቁጥራቸው። አዋቂ ወፎች ይቆጠራሉ፣ ካርታ ይሠራል፣ «ቀነሱ» ወይም «ወደ ሰሜን ሸሹ» ይባላል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ግን ብዙው ነገር የሚወሰነው ቀደም ብሎ፣ በእነዚያ ሁለትና ሦስት የጎጆ ሳምንታት ነው ባይ ነኝ። ሙቀቱም ጫጩቱን የሚጎዳው በአብዛኛው በቀጥታ አይደለም። በወላጆቹ ሥራ በኩል ነው።

ለምን ጎጆው ላይ እንዳተኮርኩ በአንድ ነገር ላስረዳ። ወፍ አጥኚዎች ጫጩት ሲለኩ ሁለት ነገር ይዘው ይወጣሉ፦ ትንሽ ሚዛንና ካሊፐር (ትንንሽ ርዝመት በትክክል የሚለካ መሣሪያ)። ጫጩቱን በከረጢት አድርገው ይመዝኑታል። ከዚያ የእግሩን ቅልጥም በካሊፐር ይለኩና ወደ ጎጆው ይመልሱታል። ክብደት ይወጣል ይወርዳል። ዛሬ ተርቦ የዋለ ጫጩት ነገ ጠግቦ ሊያካክሰው ይችላል። የቅልጥም አጥንት ግን እንደዚያ አይደለም። በአብዛኞቹ ዘማሪ ወፎች ዘንድ ጫጩቱ ጎጆውን ሳይለቅ በፊት ቅልጥሙ የአዋቂነት ልኩን ይዞ ያበቃል። በዚያ ጊዜ ያጠረ እግር ዕድሜ ልኩን አጭር ነው።

ሞቃት አገር ሲሆን ይፈጥናል?

ብዙ ሰው የሚገምተው እንዲህ ነው፦ ሞቃት አገር ያለ ጫጩት ለመሞቅ ጉልበት አያወጣም፣ ስለዚህ ቶሎ ያድጋል። የሚመስል ግምት ነው። መረጃው ግን ወደ ሌላ ይወስደናል። አሜሪካዊው የወፍ አጥኚ ሮበርት ሪክለፍስ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የብዙ ወፎችን ጫጩቶች እድገት በሒሳብ መስመር እያስቀመጠ ሲያነጻጽር ቆይቷል። በሐሩር አካባቢ ያሉት ጫጩቶች በአማካይ ቀስ ብለው የሚያድጉ ሆነው ተገኙ። ፈጥነው የሚያድጉት የቀዝቃዛው አካባቢ ጫጩቶች ናቸው።

ለምን? እዚህ ላይ ክርክሩ ረጅም ነው። እንግሊዛዊው የወፍ አጥኚ ዴቪድ ላክ ነገሩን ከምግብ ጋር አያያዘው። በሰሜን የበጋው ቀን ረጅም ነው፣ ነፍሳቱም በአንድ ጊዜ ይፈላሉ። ወላጆች ብዙ ሰዓት ሠርተው ብዙ ጫጩት ይመግባሉ። ኮስታ ሪካ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ወፍ ሲመለከት የኖረው አሌክሳንደር ስከች ግን ሌላ ነገር አስተዋለ። በሐሩር ደን ውስጥ ጎጆ የሚዘርፍ ጠላት ብዙ ነው። እባብ አለ፣ ጦጣ አለ፣ ትልልቅ ወፎች አሉ። ወላጅ ወደ ጎጆው በተመላለሰ ቁጥር ጎጆው የት እንዳለ ያሳብቃል። ስለዚህ ትንሽ እንቁላል ጥሎ፣ አልፎ አልፎ ብቻ መመላለስ ይሻላል።

ሁለቱም ማብራሪያዎች ግን አንድ እንቆቅልሽ ይተዋሉ። ጎጆ ዘራፊ የሚበዛ ከሆነ ጫጩቱ ቶሎ አድጎ ቶሎ ቢወጣ አይሻለውም? በአንድ አካባቢ ያሉ ወፎችን እርስ በእርስ ብናነጻጽር በእርግጥም እንደዚያ ነው። ጎጆው ለአደጋ የተጋለጠ ዝርያ ጫጩቱ ይፈጥናል። ሐሩርን ከሰሜን ስናነጻጽር ግን አይሠራም።

የሞንታና ዩኒቨርሲቲው ቶም ማርቲን ይህን ለመፍታት በአሪዞና፣ በቬኔዝዌላና በማሌዥያ ደኖች ጎጆ ሲለካ ብዙ ዓመት አሳልፏል። በ2015 ያሳተመው መልስ በጣም ደስ የሚለኝ ነው። ክብደትን ብቻ ማየት ትተን ክንፍን እንይ ይላል። የሐሩር ጫጩት ክንፉ ከክብደቱ አንጻር ቶሎ ያድጋል። ወላጆቹ ረጅም ዕድሜ የሚኖሩ ናቸው። ዘንድሮ ባይሳካ ለከርሞ ሌላ ዕድል አላቸው። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ጫጩት ብቻ ያሳድጋሉ፣ ለእያንዳንዱም በቂ ምግብ ይደርሰዋል። ጫጩቱ ሲወጣ ረጅም ክንፍ ይዞ ይወጣልና በመጀመሪያዎቹ የውጭ ቀናት ከጠላት ያመልጣል። የሰሜኑ ወላጅ ግን በቀጣዩ ክረምት ብርድ የመሞት ዕድሉ ሰፊ ነው። ያለውን ሁሉ ዘንድሮ ያፈስሳል። ብዙ ጫጩት ይፈለፍላል፣ እንደ ግሬት ቲት ያለው ሰባት ስምንት ይደርሳል። እነዚያ ጫጩቶች በክብደት ይሮጣሉ፣ በአጭር ክንፍ ግን ይወጣሉ። ከወጡ በኋላ ብዙዎቹ ያልቃሉ።

ስለዚህ የጫጩት እድገት የቴርሞሜትር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ምግቡ መቼ እንደሚመጣ፣ ጠላቱ ማን እንደሆነ፣ ወላጁ ስንት ዓመት እንደሚኖር ሁሉ አብሮ ይቆጠራል።

«ሐሩር» የሚለው ቃልም ብዙ ነገር ይሸፍናል። ለእኛ አገር አንባቢ ግሪሳን ማንሳት ይበቃል። ግሪሳ የሐሩር ወፍ ነው፣ ግን ምንም ዝግተኛ ነገር የለበትም። ዝናብ የዘነበበትን እየተከተለ ይሄዳል። ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ ነፍሳት በበዙበት አጭር ጊዜ ውስጥ በአንድ ላይ ሆኖ በግራሩ ሁሉ ላይ ጎጆ ይሠራል። እንቁላሉ በ10 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ በመጀመሪያ አባጨጓሬና ፌንጣ የመሰሉ ነፍሳት ይበላሉ፣ ቀጥሎ ወደ ዘር ይሻገራሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው ጎጆውን ይለቃሉ። ማሽላ የሚጠብቅ ገበሬ ይህን ፍጥነት በደንብ ያውቀዋል። በዝናብ የሚኖር ወፍ ዝናቡ ሳያልፍ መጨረስ አለበት። የኮስታ ሪካ ደን ወፍና የአዋሽ ግሪሳ ሁለቱም «የሐሩር ወፍ» ቢባሉም የሚኖሩት በአንድ የአየር ንብረት አይደለም።

ሙቀቱ በማን በኩል ይገባል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሙቀት ሲጨምር ጎጆው ውስጥ ምን ይሆናል?

ጫጩቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙቀቱን መቆጣጠር አይችልም። እናቱ ስትታቀፈው ይሞቃል፣ ስትነሳ ይበርደዋል። አንድ ሳምንት ገደማ ሲሆነውና ላባ ማውጣት ሲጀምር ሙቀት ራሱ ማመንጨት ይጀምራል። የአብዛኞቹ ትናንሽ ወፎች የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። አየሩ ወደዚያ ሲጠጋ ጫጩቱ የሚበርድበት አንድ መንገድ ብቻ ይቀረዋል። አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ውኃ በትንፋሹ ያወጣል። ያ ውኃ ከየት ይመጣል? ብዙዎቹ ዘማሪ ወፎች ለጫጩታቸው ውኃ ተሸክመው አያመጡም። ጫጩቱ ውኃ የሚያገኘው ከሚበላው ነው፣ ከአባጨጓሬውና ከሸረሪቷ ሰውነት። በሞቃት ቀን ጉርሻው ሲቀንስ ረሃብና ጥም በአንድ ላይ ይመጣሉ ማለት ነው።

ጉርሻው ለምን ይቀንሳል? ወላጁም ስለሚሞቀው ነው። ይህ በግልጽ የታየው ደቡብ አፍሪካ፣ ካላሃሪ ውስጥ ነው። እዚያ ፓይድ ባብለር የሚባል በቡድን የሚኖር ጥቁርና ነጭ ወፍ አለ። የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት 35.5 ዲግሪ ሲያልፍ ወፎቹ ምግብ መፈለጋቸውን ባይተዉም እያለከለኩ የሚለቅሙት ስለሚያንስ በቀን ውስጥ የራሳቸውን ክብደት እንኳ መሙላት ያቅታቸዋል። ለራሱ ያልጠገበ ወላጅ ለጫጩቱ ምን ያመጣል? የቀን ሠራተኛ ግማሽ ቀን ሥራ ቀርቶበት የሙሉ ቀን ወጪ እንዳለበት ማለት ነው። በ2020 የታተመ ጥናት ደግሞ ውጤቱን አሳየ። እንቁላል ከተጣለበት ጊዜ ጀምሮ ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ የነበረው የቀን ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ከ38 ዲግሪ ባለፈበት የመራባት ሙከራ ሁሉ አንድም ልጅ አልተረፈም።

ከዚህ ጥናት እኔን በጣም ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ባብለሮች ጫጩት የሚያሳድጉት ተረዳድተው ነው። ታላላቆቹ ወንድምና እህቶች ሁሉ ያጎርሳሉ። ቡድኑ ሲበዛ ሙቀቱን ይቋቋማል ብሎ ማሰብ ተገቢ ነበር። አልሆነም። የቡድኑ መብዛት ጫጩቶቹን ከሙቀቱ አላዳናቸውም። አጉራሹ ሁሉ በአንድ ሰዓት ነው የሚያለከልከው።

እዚያው ካላሃሪ ውስጥ ፊስካል የሚባለው ወፍም ተለክቷል። የሰሜን ዘመዱ በእኛም አገር አለ። በኤሌክትሪክ ሽቦና በአጥር ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚታይ፣ ጀርባው ጥቁር ሆዱ ነጭ፣ ያደነውን ነፍሳት እሾህ ላይ የሚሰካ ወፍ ነው። በካላሃሪው ፊስካል ላይ ጉዳቱ ደረጃ በደረጃ መጣ። ከ33 ዲግሪ በላይ በሆኑ ቀናት ጫጩቱ የሚጨምረው ክብደት ቀነሰ። ከ35 በላይ ቀናት ሲበዙ ከጎጆ የሚወጣበት ቀን ዘገየ። ከ37 በላይ ሲሆን ቅልጥሙ አጠረ። የማይመለሰው ጉዳት ይህ የመጨረሻው ነው። የዘገየው መውጫም ቀላል አይደለም። ጎጆ ውስጥ የሚያድር እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ለእባብ አንድ ተጨማሪ ዕድል ነው።

በሰሜኑ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ ዋናው ነገር ቀጠሮ ነው። ኦክስፎርድ አጠገብ ባለው ዋይተም ደን ዴቪድ ላክ በ1947 የጀመረው የግሬት ቲት ክትትል እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ጸደዩ ቀድሞ መሞቅ ስለጀመረ የኦክ ዛፉ ቀድሞ ይለመልማል፣ ቅጠሉን የሚበላው አባጨጓሬም ቀድሞ ይወጣል። ወፎቹም ተከትለው እንቁላል የሚጥሉበትን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም አድርገውታል። የዋይተም ወፎች እስካሁን ደህና ተራምደዋል።

ከሩቅ የሚመጣው ግን እንዲህ አይችልም። ፓይድ ፍላይካቸር የሚባለው ወፍ የአውሮፓን የብርድ ወራት በምዕራብ አፍሪካ ያሳልፍና ለመራባት ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ምዕራብ አፍሪካ ላይ ሆኖ ሆላንድ ውስጥ ጸደይ ቀድሞ መግባቱን በምን ያውቃል? ሲደርስ አባጨጓሬው ወደ ማለቁ ነው። ጫጩቶቹ ከፍተኛ ምግብ በሚፈልጉበት ሳምንት ጫካው ባዶ ይሆናል። በ2006 የታተመው የሆላንድ ጥናት እንደሚያሳየው አባጨጓሬው እጅግ ቀድሞ በሚወጣባቸው ደኖች የዚህ ወፍ ቁጥር በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ 90 በመቶ ገደማ ወርዷል። እዚህ ላይ ጫጩቱን የገደለው ሙቀት አይደለም። ቀጠሮው መፋለሱ ነው።

ትንሽ መሆን ሁልጊዜ ጉዳት ነው?

ነገሩን በአንድ በኩል ብቻ ማየት አይገባም። አውስትራሊያ ውስጥ ዜብራ ፊንች የሚባል ትንሽ ወፍ አለ። በ2016 ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሚሌን ማሪየትና ካትሪን ቡካናን፣ አስገራሚ ነገር አሳተሙ። ወላጁ እንቁላሉን ታቅፎ ሳለ፣ ሊፈለፈል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አየሩ ከ26 ዲግሪ በላይ ከሆነ ለየት ያለ ድምፅ ያሰማል። ይህን ድምፅ በእንቁላል ውስጥ ሆነው የሰሙ ጫጩቶች በሞቃት ጎጆ ውስጥ ክብደታቸው ያነሰ ሆነው አደጉ። ክፉ ነገር ይመስላል። ግን በሞቃት ጎጆ ውስጥ ትንሽ ሆነው ያደጉት ካደጉ በኋላ ብዙ ልጅ ያፈሩ ሆነው ተገኙ። ትንሽ ሰውነት ሙቀት ቶሎ ያስወጣል። ስለዚህ በሞቃት ቦታ ማነስ አንዳንዴ መዘጋጀት ሊሆን ይችላል።

ይህን ስናውቅ ሌላ ሰፊ ግኝት በጥንቃቄ ማየት እንችላለን። ቺካጎ ከተማ ውስጥ ከሕንፃ መስታወት ጋር ተጋጭተው የሚሞቱ ስደተኛ ወፎችን ዴቪድ ዊላርድ የሚባል የፊልድ ሙዚየም ሠራተኛ ከ1978 ጀምሮ እየለቀመ ይለካ ነበር። እስከ 2016 ድረስ የተሰበሰቡት 70,716 ናቸው፣ ከ52 ዝርያ። አብዛኞቹ ዘማሪ ወፎች ናቸው። ቅልጥማቸው 2.4 በመቶ አጥሯል፣ ክንፋቸው ደግሞ 1.3 በመቶ ረዝሟል። በአማዞን ደን ውስጥም፣ ሰው ብዙም ባልነካው ቦታ፣ ከ40 ዓመት ክትትል በኋላ ወፎቹ ቀልለው ተገኝተዋል።

ይህ ማነስ ከየት መጣ? ትውልድ በትውልድ ትናንሾቹ ስለተረፉ ነው? ወይስ እያንዳንዱ ጫጩት በሞቃት ጎጆ ውስጥ ተርቦ ስላደገ? ክርክሩ አልተዘጋም። ቅልጥም ከጎጆ ከወጡ በኋላ እንደማያድግ ካሰብን ግን ጎጆውን ሳይመለከቱ ይህን ጥያቄ መመለስ አይቻልም። አዋቂውን ወፍ መለካት ማጠሩን ይነግረናል። ለምን እንዳጠረ የሚነግረን ጫጩቱ ነው።

ጥላም የራሱ ድርሻ አለው። በአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ከመዘገቡት ከ150,000 በላይ የጎጆ መረጃ ተነስቶ በ2023 የታተመ ጥናት፣ ያልተለመደ ሙቀት በእርሻ መሬት ላይ ያሉ ጎጆዎችን እንደሚጎዳና በደን ውስጥ ያሉትን እንደማይጎዳ፣ እንዲያውም እንደሚረዳ አሳይቷል። የሚያሳምን ነው፣ የዛፍ ጥላ ጥቅሙ ለማንም ግልጽ ነው። ግን ሀንጋሪ ውስጥ ግሬት ቲት ላይ የተሠራው ጥናት ተቃራኒውን አገኘ። በኃይለኛ ሙቀት ቀናት የበለጠ የተጎዱት የደን ጫጩቶች ሆኑ፣ የከተማዎቹ ያን ያህል አልተጎዱም። ከተማ ሁልጊዜም ስለሚሞቅ ወፎቹ ለምደውት ይሆናል። ሁለቱ ውጤቶች መጋጨታቸው የሚያስተምረኝ አንድ ነገር አለ። ከአንድ አገር የተገኘን ቁጥር ወስዶ ሌላ አገር ላይ መጫን አይቻልም።

ወደ ቦረና ስንመጣ

ይህ የእኛም ጉዳይ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በያቤሎና በሜጋ አካባቢ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ እምብዛም የማይገኙ ሁለት ወፎች አሉ። አንደኛው የኢትዮጵያ ቡሽ ክሮው ነው። የቁራ ዘመድ ነው፣ ሰውነቱ አመዳማ፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው። በግራር ጫፍ ላይ ከእሾሃማ ጭራሮ ትልቅ ድቡልቡል ጎጆ ይሠራል። ሁለተኛዋ ጅራተ ነጯ ስዋሎ ናት። እየበረረች ነፍሳት የምትይዝ ትንሽ ወፍ ናት።

ቡሽ ክሮው ለምን ከዚያች ቁራጭ መሬት እንደማይወጣ ለረጅም ጊዜ ግራ ሲያጋባ ነበር። ግራሩና ሣሩ ከወሰኑ ውጭም ይቀጥላል። በ2012 የታተመ ጥናት መልስ ሰጠ። ወፉ የሚኖርበት ቦታ አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች የሆነው ብቻ ነው። ዙሪያው ይሞቃል፣ እሱ በቀዝቃዛዋ ደሴት ላይ ተወስኗል። በኋላ የተሠራ ጥናት ደግሞ ወፎቹን ምግብ ሲለቅሙ ተመለከተ። ቀኑ ሲሞቅ ወደ ጥላ ይጠጋሉ፣ ያለከልካሉ፣ የሚለቅሙትም ይቀንሳል። እዚያው አብረዋቸው የሚውሉ ሌሎች ወፎች ግን ያን ያህል አይቸገሩም።

የካላሃሪውን ባብለር ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ ሥዕል አዲስ አይደለም። ቡሽ ክሮውም አንዳንዴ ረዳት ወፎች ይዞ ጫጩት ያሳድጋል። ረዳቶቹ ያድኑታል? ካላሃሪ ላይ አላዳኑም። የአየር ንብረት ትንበያዎቹ የሁለቱም ወፎች ምቹ መሬት በ2070 በእጅጉ እንደሚጠብ ያሳያሉ። ለቡሽ ክሮው ከደሴቱ ውጭ የሚሄድበት ቀዝቃዛ ቦታ የለውም።

ስዋሎዋ ደግሞ ከሰው ጋር የተያያዘ ነገር አላት። በቦረና የሣር ጎጆዎች ውስጥ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ጭቃ ለጥፋ ትፈለፍላለች። ቤተሰቡ ከታች ይኖራል፣ እሷ ከላይ ትመላለሳለች፣ ማንም አይነካትም። በአገራችን ገጠር ሁሉ የሣር ክዳን በቆርቆሮ እየተተካ ነው። ቤተሰቡ ቆርቆሮ የሚመርጥበት በቂ ምክንያት አለው፣ ማንም ሊከለክለው አይገባም። ግን ቆርቆሮ ሥር የእኩለ ቀን ሙቀት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ከቆርቆሮው በታች አንድ ክንድ ርቀት ላይ ላባ ያላወጡ ጫጩቶች ቢኖሩስ?

ይህ በግምት የሚመለስ አይደለም፣ ለመመለስ ግን ከባድም አይደለም። በሣር ቤትና በቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ሥር ትናንሽ ቴርሞሜትሮችን ማንጠልጠል፣ ጫጩቶቹን በየሁለት ቀኑ መመዘን፣ ቅልጥማቸውን መለካት፣ ወላጆቹ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚመላለሱ መቁጠር ነው። ከየዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚወጡ የባዮሎጂ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲፈልጉ ያቤሎ ላይ ሙሉ ሥራ እየጠበቃቸው ነው። ሚዛን፣ ካሊፐርና ቴርሞሜትር ይበቃል፣ የቤቱ ባለቤትም ከተጠየቀ በሩን ይከፍታል።